ስንት መጣልህ?

የማትሪክ ጥያቄ ወረቀት ከፈታኙ እጅ ወጥቶ ተመልሶ እዚያው ይገባ ነበር። ይዞት መውጣት አይቻልም። መልሱን ለጥፎልን የሚያውቅም አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ጠብቀን የምናገኘው በየትምህርቱ አንዲት ፊደል ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ወይም ኤፍ። ከስንት ስንት እንዳመጣን፣ የትኛውን ጥያቄ እንደሳትን፣ ኤ ከስንት እንደሚጀምር የሚነግረን የለም። ስለዚህ የመልስ ወረቀቱ ተሰብስቦ እርሳሱና ላጲሱ ኪስ ሲገባ ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ የተወሰደብንን ወረቀት ከትዝታ መልሶ መጻፍ።

እኔ የተፈተንኩት በ1980ዎቹ አጋማሽ ደሴ፣ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ነው። የሌሎቹን ትምህርቶች ፈተና ስናነሳ ብዙ አንቆይም ነበር። የባዮሎጂው ከሆነ ደብተር ይገለጣል፣ ያልተስማማነው ነገር እዚያው ተጽፎ ይገኛል፣ ወሬው ያልቃል። እንግሊዝኛውን ደግሞ ምንባቡን ቃል በቃል የሚያስታውሰው ስለሌለ ማንም ማንንም አያሳምንም። ሒሳብ ግን ደብተርም ምንባብም አይፈልግም። ጥያቄው ከተገኘ መልሱ እዚያው ተሠርቶ ይወጣል፤ የተሠራውን ደግሞ የክፍሉ አንደኛም ሆነ የመጨረሻ ወንበር ተቀማጭ ሊያፈርሰው ይችላል።

ከግቢው ስንወጣ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ከተማው ወርዶ ነበር። ሻይ ቤት ገብተን ጠረጴዛ ገጠምን፤ ሻይና ፓስቲ ታዘዘ፣ አንዱ የደብተሩን የኋላ ገጽ ገለጠ። «ቁጥር አንድ ምንድን ነበር?» አለ። አንዱ ቁጥሮቹን ያስታውሳል፣ ሌላው ሥዕሉን፣ ሌላዋ ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል። በትምህርቱ ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ነበረ። ያን ቀን የጥያቄዎቹን አነጋገር እስከ ነጠላ ሰረዙ ይዞት ተገኘ፤ የደብተሩ ባለቤት ሌሎቻችንን ትቶ እሱን ብቻ እያዳመጠ ይጽፍ ጀመር። ዓመቱን ሙሉ አብሮን ተቀምጦ ያላየነውን ልጅ ያን ከሰዓት አየነው።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ክርክሩ በአማርኛ ይካሄዳል። «ዲኖሚኔተሩ ዜሮ መሆን አይችልም እኮ!» ይላል አንዱ ጠረጴዛውን እየመታ። «እና አንቺ ስንት መጣልሽ?» ትባላለች ሌላዋ። መልሷን ከነገረች «እስቲ አሳይን» ይከተላል። የመጣለትን መናገር ብቻ ለማንም አይበቃም ነበር። ትክክለኛውን መልስ የያዘ ወረቀት በከተማው ውስጥ ስላልነበረ ዳኛው ማሳየቱ ነው።

አንዱን ጥያቄ እስከ ዛሬ መሥራት እችላለሁ። ኤክስ ላይ 6 ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ ራሱ ኤክስ ይሆናል፤ ኤክስ ስንት ነው? ሁለቱን ጎኖች ስኩዌር አድርጎ የሠራ ሁሉ 3 እና ኔጌቲቭ 2 ያገኛል። ሁለቱንም የያዘው ምርጫ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ 3ን ብቻ የያዘውም እንዲሁ። ከመካከላችን አንድ ጎበዝ ልጅ ሁለቱንም የያዘውን አጥቁሮ ነበር፤ አሠራሩንም መስመር በመስመር ጽፎ አሳየን። መስመሩ እንከን አልነበረውም። ከዳር ተቀምጣ ሻይዋን የምታማስል ልጅ ግን እርሳሱን ተቀበለችውና «ኔጌቲቭ 2ን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰው» አለች። ኔጌቲቭ 2 ላይ 6 ሲደመር 4፣ የ4 ስኩዌር ሩት 2። በግራ 2፣ በቀኝ ኔጌቲቭ 2። ጠረጴዛው ፀጥ አለ። ስኩዌር ማድረግ ያልነበረ መልስ እንደሚፈጥር አስተማሪያችን በሰሌዳ ላይ ጽፈውልን ነበር፤ እኔ ግን በትክክል የገባኝ ያን ጊዜ፣ ማርኩ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ነው። ለማርክ ብለን የተማርነውን ለእውነቱ ብለን የተከራከርንበት ሰዓት ያ ነበር።

ከዚያ ማጽናናቱ መጣ። «ፈተናው ከብዷል፤ የከበደ ዓመት ኤ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆረጠው» አለ አንዱ። «የአዲስ አበባ ልጆችንም ከብዷቸዋል አሉ» አለ ሌላው፤ ማን እንዳለው ግን አይታወቅም። ለስህተት መልስ ማርክ ይቀነሳል የሚል ወሬም ነበር፣ አይቀነስም የሚልም። ስለ መቁረጫው ነጥብ እርግጡን የሚያውቅ ባለመኖሩ ለወዳጅ ተስፋ መስጠት የሚከለክለው አልነበረም።

ግመታው የራሱ ስሌት ነበረው። እንግሊዝኛና ሒሳብ ግዴታ ነበሩ፤ ከቀሩት የተሻሉት ሦስቱ ይያዙ ነበር። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ተብሎ ተደምሮ ለአምስት ይካፈል ነበር። እንግሊዝኛ ሲ፣ ሒሳብ ቢ፣ ባዮሎጂ ኤ፣ ኬሚስትሪ ቢ፣ ጂኦግራፊ ኤ ቢሆን 16 ለአምስት፣ 3.2 ነው። ሒሳቡ ወደ ሲ ቢወርድ 3.0። አንዲት ፊደል 0.2 ናት። በዚያች 0.2 ውስጥ አምስት ኪሎ ምሕንድስና ነበር፣ ጥቁር አንበሳ ነበር፣ ዓለማያ ነበር፤ እናቱ ጠላ ሸጣ ያስተማረችው ልጅ ደግሞ የእሷ እርጅና ነበረበት። ስለዚህ የማንንም ግመታ በጨዋታ አናልፍም ነበር። የደከመውን ልጅ ውጤት ስንደምር ሁላችንም አንድ ፊደል ከፍ አድርገን እንደምንይዝለት ማንም አልተናገረውም፣ ግን እናደርገው ነበር።

የሒሳብ አስተማሪያችን በሻይ ቤቱ በር ሲያልፉ አየናቸውና ተጠራርተን ከበብናቸው። «ቲቸር፣ ይቺን ብቻ ይመልከቱልን!» የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ከኪሳቸው አውጥተው የስኩዌር ሩቱን ጥያቄ ጀርባው ላይ ሠሩት፤ መልሱን ግን ጮክ ብለው አልተናገሩም። ማን ምን እንዳጠቆረ ሳይጠይቁ ፓኮውን እርሳሱን ለተቀበለችው ልጅ ሰጧትና «አንቺ አስረጃቸው» ብለው ሄዱ። ብዙ አስተማሪ ኖሮኛል፤ ይህን ያህል የማከብረው ግን ጥቂት ነው።

ያልተፈታልንም ነበረ። ከረጢት ውስጥ 3 ቀይና 2 ጥቁር ኳሶች አሉ፤ ሁለት ቢወጡ ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? የመጀመሪያው ኳስ ተመልሶ ከሆነ 9/25፣ ሳይመለስ ከሆነ 3/10 ነው፤ ሁለቱም ከምርጫዎቹ መካከል ነበሩ። በሒሳቡ አልተጣላንም። የተጣላነው ጥያቄው «ዊዝ ሪፕሌስመንት» ነው ወይስ «ዊዝአውት» ያለው በሚለው ነው። ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ያስታወሰው ልጅ እንኳ እዚህ ላይ ቆመ። ወረቀቱ ታሽጎ ሄዷል፤ የሚፈርድ የለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋቅሩን ሲለውጠው ያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀረ። ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለወጣ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከ2015 መግቢያ ጀምሮ ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ መፈተን ጀመሩ፤ በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ስሰማ የቀሩት ልጆች ነበሩ የታዩኝ። የመለያ ቁጥራቸውን ስልክ ላይ አስገብተው ውጤታቸውን ያያሉ፤ ውጤቱ የትኛውን ጥያቄ እንደሳቱ አይነግራቸውም። ከፈተናው በኋላ «ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰው» የሚላቸው ጓደኛ ነበራቸው? ነበራቸው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

የእኛ ውጤት ክረምቱ ሲያልቅ መጣ። ግመታችን ለአንዳንዱ ሠመረ፣ ለአንዳንዱ አልሠመረም። ኔጌቲቭ 2ን ያጠቆረው ልጅ ሒሳብ ኤ አመጣ፤ ዛሬ የውሃ መሐንዲስ ነው። እርሳሱን የተቀበለችው ልጅ ሒሳብ ታስተምራለች። ስንገናኝ ስለ ልጆቻችንና ስለ ኑሮ ውድነት ካወራን በኋላ ኳሶቹ ይነሳሉ። እኔ 3/10 ነው እላለሁ። ከምርጫዎቹ አንዱ 1/10 ነበር፤ እሱ ደግሞ ሁለት ጥቁር ሳይመለሱ ሲወጡ የሚመጣ ቁጥር ነው። ኳሱ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ የጥቁሮቹ 4/25 ስለሚሆን 1/10ን ማን ያስገባዋል? መሐንዲሱ በዚህ ይስማማል። እሷ ግን ደብተሩ ላይ 1/10 የሚባል ነገር እንዳልተጻፈ፣ እኔ በኋላ የጨመርኩት እንደሆነ ትናገራለች፤ «አሳየኝ» ትለኛለች።