«ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አብዛኞቻችን ደብተሩን ገልጠን በመጀመሪያ የምናየው በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ከ10 ዘጠኝ ያመጣ ይመሰገናል፤ አራት ያመጣ ቁጣ፣ ባስ ሲልም አርጩሜ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ልጁ ስንት ጥያቄ እንደ ሳተ እንጂ ለምን እንደ ሳተ አይነግረንም።

በታችኛው ክፍል ሒሳብ የማስተምር በመሆኔ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። 52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው ቢባሉ አንዱ ልጅ 24፣ ሌላው 35 ብለው ይጽፋሉ። ሁለቱም ስተዋል፤ ችግራቸው ግን ለየቅል ነው። 24 ያለው መንገዱን ያውቀዋል፤ የሳተው ቆጠራ ላይ ነው። 35 ያለው ግን ከ2 ላይ 7 መቀነስ ቢያቅተው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሷል፤ መበደር የሚባለው ነገር አልገባውም። ለዚህ ልጅ የሚበጀው ቁጣ ወይም ያንኑ ደጋግሞ መጻፍ ሳይሆን፣ ባለ 10 ብር ወደ አሥር አንድ አንድ ብር ሲዘረዘር በዓይኑ ማየት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን በትምህርት ቤቶቻችን አስገብቷል። ዳሩ ግን በብዙ ክፍሎች ተከታታይ ምዘና ተከታታይ ፈተና ሆኖ ይታያል፤ ማርኩ ተደምሮ ሮስተር ላይ ከሰፈረ በኋላ የገባቸውም ያልገባቸውም አብረው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራሉ።

እኔ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማርክ የማይያዝበት አንድ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት አሠራለሁ። ከዚያም ወረቀቶቹን በሦስት እለያቸዋለሁ፤ የገባቸው፣ የተጠራጠሩ፣ ጨርሶ ያልገባቸው። ሦስተኛው ክምር ከበዛ በማግሥቱ ያንኑ ትምህርት በሌላ መንገድ እደግማለሁ፤ ጥቂት ከሆኑም ከገባቸው ጓደኞቻቸው ጎን አስቀምጣቸዋለሁ።

ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 በእስራኤል ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አውጥተው ነበር። በጥናቱ መሠረት አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ማርክ ብቻ ከተሰጣቸው፣ ማርክና አስተያየት በአንድነት ከተሰጣቸውም ይበልጥ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ማርክ ያየ ልጅ ምክሩን ልብ አይለውም ማለት ነው።

እናቶችና አባቶች! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። «አልገባኝም» ማለት የሚያስደበድበው ልጅ ስሕተቱን ይደብቃል፤ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ በየዓመቱም ጉድለቱን ተሸክሞ ክፍል ይሻገራል። በተለይ በቤት ሥራ ብዛት ለጥናት ጊዜ የሚያጥራት ሴት ልጅ ጉድለቷ ሳይታወቅላት «ትምህርት አይሆናትም» ተብላ ትቀራለች። ስለዚህ ልጆቻችንን «እስቲ እንዴት እንደ ሠራሽው አሳዪኝ» እንበላቸው። በወላጆች ስብሰባም መምህሩን «ልጄ ስንተኛ ወጣች?» ከማለታችን በፊት «ያልገባት ምንድን ነው? እኛስ በምን እናግዝ?» ብለን እንጠይቅ።