«ደህና ውሏል» እና ሌሎች የበር ላይ ትዝብቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት በራቸው ላይ «ወላጅ ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው» ብለው ጽፈዋል። ጠዋት ጥበቃው ልጁን ከእናቱ ይቀበላል፤ ከሰዓት በኋላም እሱው መልሶ ያስረክባል። «ደህና ዋለ?» ትላለች እናት። «ደህና ውሏል» ይላታል። ጥበቃው ክፍሉን ረግጦት አያውቅም። ነገር ግን ሌላ የምትጠይቀው ሰው የለም፤ እሱም «አላውቅም» ቢል ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ልጁ ሁልጊዜ ደህና ይውላል።

*

ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባለውን ደብተር ገልጣችሁ እዩት። ሽፋኑ በፕላስቲክ ተለብጧል፤ ጥግ ጥጉ የፍርፍር ዘይት ጠጥቷል። ውስጡ በአራት ዓምድ ተሰምሯል፦ ቀን፣ የቤት ሥራ፣ የመምህር አስተያየት፣ የወላጅ ፊርማ። ምን በላ፣ ተኛ ወይ፣ ከማን ጋር ተጫወተ የሚል ዓምድ የለውም። የአራት ዓመት ልጅ ውሎ ግን ከዚህ ሌላ ምን አለው?

አስተያየቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚሸጠው እንግሊዝኛ ነዋ። መምህርቷም እናትየዋም አማርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ «ሂ ኢዝ ጉድ ባት ኖቲ» የምትለዋን ለማንበብ ግን ደብተሩ ጎረቤት ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዘንድ ይሄዳል። ልጁ ማታ ይቆነጠጣል። በማግስቱ መምህርቷ ዓምዱን ስታይ ፊርማ አለ፤ ፊርማው የታላቅ እህቱ ነው። ፊርማ ካለ ደግሞ «ወላጅ አይቶታል»።

*

ሌላ ቤት ደግሞ ልጁን የምትወስደውም የምትመልሰውም የቤት ሠራተኛዋ ናት። መምህርቷ አንድ ቀን ታስቆማትና «ልጁ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው፤ ለእናቱ ንገሪያት» ትላታለች። ቁርስ የምታበላው ራሷ ሠራተኛዋ ናት። ክሱን ለተከሳሹ ሰጥቶ «አድርሽልኝ» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። መልእክቱ አልደረሰም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ልጁ ጠግቦ መምጣት ጀመረ። መምህርቷ ይህን ቀድማ አስባው ከሆነ ባርኔጣ ሊነሳላት ይገባል።

*

ልጁ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ። እናት ከሥራ ለመቅረት የምትጠይቀው ፈቃድ አልቆባታል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የፓራሲታሞል ሽሮፕ አጠጥታ፣ 2 ሰዓት ላይ ግንባሩ ቀዝቅዞ፣ እየሳቀ ታስረክበዋለች። የሽሮፑ ጉልበት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ምሳ ሰዓት አካባቢ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ስልክም ይደወላል። «ኧረ ጠዋት ደህና ነበር!» ትላለች እናት። መምህርቷ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማችው ድምጿ ያስታውቃል፤ ግን «እሺ የኔ እናት፣ ቶሎ ድረሺ» ብላ ትዘጋዋለች።

እዚህ ላይ የሚጎዳው መተማመኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሽሮፑ በስንት ሰዓት፣ በምን መጠን እንደተሰጠ ካልታወቀ፣ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛ የምትሮጠው መምህርት ለሐኪሙ የምትነግረው ነገር የላትም። እናት እውነቱን ብትናገር ደግሞ ልጁ ከበር ይመለስባታል። የታመመ ልጅ ትምህርት ቤት አይመጣም የሚለው ደንብ ትክክል ነው። ውሸቱንም በየጠዋቱ የሚወልደው ይኸው ደንብ ነው።

ሒሳቡ በሌላ በኩልም ይከፈላል። ልጁ ከሰዓት በኋላ ግንባሩ አብጦ ሲወጣ «ከቤት ይዞት የመጣ መስሎኝ!» የምትል መምህርት አጋጥሟችሁ አያውቅም?

*

የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ጠዋት በጽጌረዳ ፎቶ ይከፈታል። «መልካም ቀን ይሁንላችሁ»፣ አሜን፣ አሜን፣ የተጣመረ እጅ፣ አሜን። ቀጥሎ የክፍያ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ከዚያም የጠፋ ሹራብ። የልጆች ፎቶ ይለቀቃል፤ የማን ልጅ ፊት ለማን እንደሚታይ የጠየቀ የለም። ወላጆች ፎቶውን አስፍተው የሚያዩት የራሳቸውን ልጅ ለማግኘት ነው። ጥግ ላይ ብቻውን የቆመው የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ነው እንጂ ነገሩ ያስጠይቅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ማታ 3 ሰዓት ላይ አንዲት እናት የልጇን ክንድ ፎቶ ለጠፈች። የጥርስ ምልክቱ ክብ ሆኖ በግልጽ ይታያል። «ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ማን ነው የነከሳት?» አሜን የለም፣ የተጣመረ እጅ የለም። ስድሳ ምናምን ሰው አይቶት አንድም መልስ የሰጠ አልነበረም። ሁሉም ወደ መኝታ ክፍል ገብቶ ልጁን እየቀሰቀሰ «አንተ ነህ እንዴ?» ይል እንደሆን እንጃ።

የሁለት ዓመት ልጅ ይናከሳል። ቋንቋው ገና ነው፤ አሻንጉሊቱን ሲነጥቁት በእጁ ያለው ክርክር ጥርሱ ነው። ይህን በመስከረም፣ ማንም ሳይነከስ፣ ሁሉም ወላጅ ባለበት ማለት ይቻል ነበር። ኅዳር ላይ ክንድ ከተለጠፈ በኋላ ሲባል ግን ሰበብ ይመስላል። መምህርቷ የነካሹን ስም አልናገርም አለች። ልክ ናት። የተነከሰችው ልጅ ግን እራት ላይ ስሙን ከነአባቱ ጠርታ ተናግራለች፤ በማግስቱም ሁለት እናቶች በር ላይ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

*

በሕጉ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ይህን በሠሩት መሥሪያ ቤቶች እናት ከላይ ፎቅ ትወርዳለች፣ ታጠባለች፣ ከሞግዚቷ ጋር ሁለት ቃል ትለዋወጣለች፣ ትመለሳለች። ደብተር የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ «ደህና ውሏል» የለም። ሞግዚቷ «ዛሬ ግራ ጆሮውን እየጎተተ ነው» ትላታለች። እንዲህ ያለ ዜና በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ይህ ዕድል እምብዛም የላትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት፤ አባት 3 ቀን አለው። በ3 ቀን ሰው የልጁን ለቅሶ ከጎረቤት ልጅ ለቅሶ ለይቶ ቢያውቅ ትልቅ ነገር ነው። ኋላ ግን ትምህርት ቤቱ የሚመዘግበው የእሱን ስልክ ነው፤ ከፋዩ እሱ ነዋ። ልጅ ሲያተኩሰው ስልኩ የሚጠራው ስብሰባ ላይ ነው።

*

«ሜይ አይ ጎ አውት?» ካላሉ ሽንት ቤት የማይፈቀድበት መዋዕለ ሕፃናት አለ። አንዷ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ትናገራለች፤ አማርኛውን ከጎረቤት እየለቀመች ነው። እንግሊዝኛው እስኪመጣላት ጉዳዩ አለቀ። ማታ እርጥብ ሱሪ በፌስታል ተቋጥሮ ይላካል፤ ደብተሩ ላይ ደግሞ «ቤት ውስጥ አለማምዷት»። ቤት ውስጥ ለምዳለች እኮ! ልጅቷ ሲመጣባት ምን ብላ እንደምትናገር በምዝገባው ቀን የጠየቀ የለም። ቅጹ ላይ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የወረዳ፣ የቤት ቁጥር ግን ሁሉም ተሟልቷል።

*

የኔታ ከወላጅ ጋር የሚገናኙበት ደብተር አልነበራቸውም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በወሩ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ፤ የልጁ ነገር በጠላ መካከል ይነሳል። የበትሩን ነገር ማንም አይናፍቅም፤ ያ በየአጋጣሚው መገናኘት ግን ተተኪ አላገኘም።

*

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አንዷ እናት ልጇን አበሻ ሴት በቤቷ በከፈተችው ዴይ ኬር ታውላለች። ማታ ልትወስደው ስትመጣ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ትቆማለች፤ ልጁ ካፖርቱን እንደለበሰ ያልበዋል። ስለ ልጁም ስለ ኪራዩም፣ ስለ አገር ቤትም ይወራል። ጓደኛዋ ልጇን የምታውለው ትልቅ ማዕከል ነው፤ ዳይፐሩ የተቀየረበት ሰዓትና ደቂቃ፣ የእንቅልፉ ርዝመት፣ የጠጣው ወተት ልክ በአፕሊኬሽን ስልኳ ላይ ይደርሳታል። የመምህርቷን ስም ግን ስትጠየቅ ታስባለች።

አንድ ነገር ግን ሳይነሳ አይታለፍም። እዚያው አካባቢ ያሉት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን መረጃ በአማርኛም ያዘጋጃሉ። ሜሪላንድ ያለው ትምህርት ቤት ለአበሻ እናት በአማርኛ ይጽፍላታል፤ ቦሌ ያለው በእንግሊዝኛ።

*

እናት ዱባይ ናት፤ የሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቷን የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። መምህርቷ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልክላታለች፤ የምትልከው ክፍያ ሲዘገይ ነው። እናት ግን ከሰዓት በኋላ የአሠሪዋን ልጅ ልታመጣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ትቆማለች። እዚያ «ዛሬ ሩዙን በደንብ በልቷል፣ ትንሽ አልቅሶ ነበር» የሚባለው ለእሷ ነው።

*

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርትና እንክብካቤ የፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች አሉት፤ ቀዳሚው የወላጆች ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገባበት «ኦ ክፍል» ተከፈተ። ምሰሶው ቆሟል ወይ ብላችሁ አንድ የኦ ክፍል መምህርት ብትጠይቁ፣ ወላጅ የምታየው በምዝገባና በመዋጮ ቀን እንደሆነ ትነግራችኋለች። ወላጁም ያለ ምክንያት አይሸሽም። እሱ ራሱ ያደገው «ወላጅ ይዘህ ና!» እየተባለ ነው። ዛሬም ትምህርት ቤት ሲጠራ የመጀመሪያ ቃሉ «ምን አጠፋ?» ነው።

የግሎቹ ጋ ደግሞ «ስንተኛ ወጣ?» ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ከ38 ልጆች 3ኛ ወጥቶ ካርድ ይዞ ይመጣል። መምህርቷ ኮሌጅ የተማረችው ልጅ በጨዋታ እንደሚማር ነው። ይሁንና በጭቃ የተጫወተ ልጅ ቤቱ የሚያሳየው ደብተር የለውም፤ ደብተር ከሌለ ደግሞ «ምን ሠርታችሁ ዋላችሁ?» ይመጣል። ስለዚህ የልጁን እጅ በእጇ ይዛ «ሀ» ታስጽፋለች። የቤት ሥራውን ማታ አባት ይሠራዋል፣ እሷ ጠዋት ቀይ ራይት ታደርግበታለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በልጅ ደብተር ይጻጻፋሉ።

*

የወላጆች ስብሰባ፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት። አጀንዳ አንድ፦ የቀጣዩ ዓመት የክፍያ ጭማሪ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል፤ ንግግሩ ይሞቃል፣ ስሌት ይወጣል፣ ይወርዳል። አጀንዳ ሁለት፦ የልጆች አስተዳደግ። ግማሹ ወላጅ ስልኩን እያየ ወጣ። ዳይሬክተሯ የቀሩትን «ጥያቄ ካለ?» አሉ።

አንዲት አያት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ልጄ፣ ይህ ልጅ ሌሊት እስከ 6 ሰዓት ዓይኑን አይከድንም። ቤቱን በጠበጠው። እናንተ ጋ ቀን ይተኛል እንዴ?» ዳይሬክተሯ ወደ መምህርቷ አዩ። መምህርቷ «የእንቅልፍ ሰዓታችን በፕሮግራሙ መሠረት…» ብላ ጀመረች። ኋላ ወንበር ልታነሳ የገባችው ሞግዚት፣ ያን ዕለት ስሟ ያልተጠራ፣ እጇ ላይ ሁለት ወንበር እንደያዘች ጣልቃ ገባች፦

«እማማ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚተኛው! ስቀሰቅሰው ያለቅሳል። ሲነቃም እንቁላሉን አይበላም፤ ለጎኑ ልጅ ነው የሚሰጠው። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሰዓት ብቻ ሲተኛ ላንቃው እንዴ?»