ለሂጃብ የተቀነሰ አንድ ነጥብ



ሐብሩ ውስጥ በረዶ የሚያዝናና ነገር አይደለም። መስከረም ላይ ማሽላው ሲያሸት ከሰማይ ወርዶ በሩብ ሰዓት የዓመት ጉሮሮ የሚዘጋ መከራ ነው። አማርኛችንም ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ ፈረንጅ አገር መሬቱን የሚያለብሰውን ነጩን፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም ሁሉ በአንድ ስም «በረዶ» ይለዋል። ስለዚህ በረዶ ላይ እየተንሸራተተች ስለምትወዳደር ሙስሊም ልጅ ልንጽፍ ነው ስንል የመርሳ ልጆች «ምኑ ላይ?» ብለው ቢስቁብን አይፈረድባቸውም።

የሚገርመው ግን ልጅቷ የተነሳችበት አገር ከመርሳም ከጊራናም የባሰ የሚሞቅ ነው፤ አቡዳቢ ነው። አቡዳቢ ደግሞ ለእኛ ሩቅ ስም አይደለም። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ዐረብ አገር የሄደች እህት፣ አክስት ወይም የጎረቤት ልጅ የሌለችው ቤት ስንቱ ነው?

ዛህራ ላሪ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ከኢማራታዊ አባትና ከአሜሪካዊት እናት ተወለደች። በ11 ዓመቷ ገደማ ስለ አንዲት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ልጅ የሚተርክ የዲዝኒ ፊልም አየችና ልቧ ተነጠቀ። አቡዳቢ በሚገኘው የዛይድ ስፖርት ከተማ የበረዶ አዳራሽ ነበርና እዚያ ጀመረች። በዚህ ስፖርት 11 ዓመት ሞላት ማለት አረጀች እንደማለት ነው። ሻምፒዮን የሚሆኑት ልጆች አብዛኞቹ በ4 ወይም በ5 ዓመታቸው በረዶ ላይ የቆሙ ናቸው።

ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ እናስረዳ። አዳራሹ ውስጥ በሲሚንቶ ወለል ስር ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዘዋወርባቸው ቧንቧዎች ይዘረጋሉ፤ ከላይ ውሃ እየፈሰሰ ጥቂት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ይረጋል። ውጭ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ውስጥ ጃኬት ያስለብሳል። ጫማው ስር ያለው ብረት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ስለት ያለው ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ጥርስ አለው። ተወዳዳሪዋ የምትዞረው፣ የምትዘለው፣ የምታርፈውም ከእነዚህ ስለቶች በአንዱ ላይ ሚዛኗን ጠብቃ ነው። ከዝላዮቹ አክስል የሚባለው ፊት ለፊት እየሄዱ ተነስተው ወደ ኋላ እየሄዱ የሚያርፉበት ስለሆነ ከሌሎቹ ግማሽ ዙር ይበልጣል። አንድ ዝላይ በደንብ እስኪያዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ወራት ሁሉ በጎን፣ በዳሌ፣ በክርን መውደቅ አለ። ዳኞች ለእያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለአጠቃላይ አቀራረቡም እንዲሁ። የሚቀነስም አለ። የወደቀ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ደንቡን ያልጠበቀ ልብስ የለበሰ ወይም የተከለከለ ቁሳቁስ ይዞ የገባም እንዲሁ።

ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር ያዙልን።

ዛህራ ልጅ እያለች መንሸራተቷን አባቷ አልተቃወመም። ሸፈፍ ማለት የመጣው ለአቅመ ሔዋን ስትደርስና መወዳደር ስትፈልግ ነው። ሙስሊም አባት ነውና ልጁ በወንዶች ፊት፣ በሙዚቃ ታጅባ መታየቷ ከበደው። እሷም አላመጸችም፤ ውድድሩን ተወችው። ከዚያ አንድ ቀን ጓደኞቿ ሲወዳደሩ ለማየት ከአባቷ ጋር ሄደች። ከዳር ቆማ ለጓደኞቿ ስትጮህ፣ ስታጨበጭብ አባቷ አያት። ልጁ በምን ደስ እንደሚላት በዓይኑ አየና ፈቀደ። ይህን ታሪክ ራሷ ዛህራ በተደጋጋሚ ተናግራዋለች። እኛን ደግሞ ከዝላዮቹ ሁሉ በላይ ልባችንን የነካን እሱ ነው። ከሊብሶ፣ ከስሪንቃ፣ ከመርሳ የመጣን እህቶች 7ኛና 8ኛ ክፍል ስንደርስ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ከዳር ተቀምጠን የጓደኞቻችንን ቦርሳና ጫማ ስንጠብቅ ነበር። የከለከለን ሰው አልነበረም። ማንም ምንም አላለንም፤ ብቻ ሁላችንም አንድ ቀን ተቀመጥን። ከዳር ሆነን ስናጨበጭብ ግን ያየን አባት አልነበረም፤ አባቶቻችን እርሻ ላይ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዛህራ ጣሊያን ውስጥ በተደረገ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ቀረበች። ሂጃብ ለብሳ በዚህ ስፖርት በዓለም አቀፍ መድረክ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ልብሷ እጅና እግሯን የሸፈነ፣ ፀጉሯም ከልብሷ ጋር በሚስማማ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ዳኞቹ ያቺን ጨርቅ ምን ብለው እንደሚመዘግቧት ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ከማይፈቀደው ቁሳቁስ ቆጥረው ነጥብ ቀነሱባት። በቁጥር ስናየው ሳትወድቅ እንደወደቀች ተቆጠረባት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናደርገውን እናውቃለን። ዶርም ገብተን እናለቅሳለን፣ «ድሮስ!» እንላለን፣ ሁለተኛ አንመለስም። እሷና ወገኖቿ ግን ወደ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር ሰዎች ሄደው አስረዱ፦ ጨርቁ ጌጥ አይደለም፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃም አይደለም፣ አይፈታም፣ በረዶው ላይ ወድቆ ሌላውን ተወዳዳሪ አይጥልም። እ.ኤ.አ. በ1892 የተመሠረተ ማኅበር ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረበለት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሂጃብ ነጥብ የሚያስቀንስ መሆኑ ቀረ። ዳኞቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ ብለን አናስብም፤ ደንቡ ሲጻፍ እኛን የመሰለ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው። እንዲህ ያለው ደንብ በሌሎችም ስፖርቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢራን ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አማን ላይ በራስ መሸፈኛው ምክንያት ከኦሎምፒክ ማጣሪያ ጨዋታ ውጭ ሆኗል፤ ፊፋ ክልከላውን ያነሳው በ2014 ነው። የቅርጫት ኳሱ ፌዴሬሽን ደግሞ እስከ 2017 ቆይቷል። በዚያው ዓመት ናይኪ የስፖርት ሂጃብ ሠርቶ ሲያስተዋውቅ ዛህራን ከማስታወቂያው ሰዎች አንዷ አደረጋት። ነጋዴ ነው፣ ገበያ ሸተተው። ለእኛ ግን የመርሳ ልብስ ሰፊ በአንድ ከሰዓት የምትጨርሰው ሥራ ነው።

አሁን እውነቱን እንናገር። ዛህራ ላሪ ትልቅ ሻምፒዮን አልነበረችም። በአገሯ አምስት ጊዜ አሸንፋለች፤ በአገሯ ግን ተፎካካሪዎቿ ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳፖሮው የእስያ ክረምት ጨዋታዎች ተሳተፈች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ማጣሪያ የነበረው ውድድር ጀርመን ውስጥ ሲደረግ ቀረበች፤ አላለፈችም። በ2019 ክራስኖያርስክ ላይ በተደረገው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት ጨዋታዎችም ተወዳድራለች። እንደኛው ተማሪ ነበረች፤ አቡዳቢ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤናና ደኅንነት አጥንታለች። ከክፍል በፊት ማለዳ በረዶ ላይ ነበረች፤ ፈተና ሲደርስ እንዴት ትሆን እንደነበር የምናውቀው እኛ ነን።

ከኢትዮጵያም የሚመስላት አለ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ። አዲስ አበባ ሲመጣ የሚለማመደው በአስፋልት ላይ፣ ጎማ ባለው ስኪ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ሯጭ አገር 83ኛ መውጣት ምን ይባላል! ግን ለመወዳደር ብቻ እንኳ መጀመሪያ ፌዴሬሽን ማቋቋም የነበረበት ሰው ነው። ሌላው ተወዳዳሪ ጫማውን አስሮ ሲነሳ እሱ ከወረቀት ነው የጀመረው። ዛህራም እንደዚያው ናት።

ልባችን የሚከብደው ወደ አቡዳቢ ስንመለስ ነው። ዛህራ በረዶ ላይ መውደቅ በተማረችበት ዕድሜ አካባቢ ከሐብሩ ገጠር ወጥተው ወደዚያው አገር፣ ወደ ሳዑዲም የሄዱ ልጆችን እናውቃለን። አንዳንዶቹ ከእኛ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ዕድሜያቸው ወረቀት ላይ ከፍ ተደርጎ ነው የሄዱት። በስኬቲንግ ዓለም ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንጉ ኦሎምፒክ የ15 ዓመቷ ሩሲያዊት ካሚላ ቫሊዬቫ በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ በዓለም ፊት ስትንገላታ ከታየች በኋላ፣ ማኅበሩ በዚያው ዓመት በአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ለማሳደግ ወሰነ። እዚያ ልጅነቷ እንዲጠበቅ ዕድሜ ተጨመረ። እኛ ዘንድ ልጅነቷ እንዲያልቅ ዕድሜ ይጨመራል። ዛህራን በዚህ አንወቅሳትም፤ ጥፋቷ አይደለም። ግን «ሂጃብ አላገዳትም» ብለን ብቻ ብናልፍ ግማሹን መደበቅ ይሆንብናል። ማለዳ መኪና የሚያደርሳት ቤተሰብ፣ የሚከፈለው አሠልጣኝ፣ ለዓመታት ምንም ገቢ ሳታመጣ እንድትወድቅና እንድትነሳ የተሰጣት ጊዜ ነበሯት። የመርሳዋ ልጅ የሌላት ጊዜው ነው።

ስለ ሸሪዓው አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ወንድሞቻችን አይለቁንም። ሙዚቃው፣ የተጣበቀው ልብስ፣ በአጅነቢ ፊት መታየቱ ጥያቄ የሚነሳባቸው ናቸው፤ በዛህራ ላይም ከሙስሊሞች በኩል ብዙ ተብሏል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ደረጃ አይደለም፤ ዑለሞቻችንን ጠይቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ባልደረቦቻቸውን አስቀድመው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር መሽቀዳደማቸውን፣ መጀመሪያ እርሷ፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እርሳቸው ማሸነፋቸውን ግን ሁላችንም ከደርስ ላይ ሰምተናል። መጀመሪያ ሰዎቹን ማሳለፋቸውንም ልብ በሉ፤ ሩጫው አልቀረም፣ ቦታው ግን ተመረጠለት። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ወልድያ የስፖርት ቦታ አልጎደላትም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሑሴን ዓሊ አል አሙዲ ስታዲየም ከተማዋ ውስጥ ነው። ግቢያችንም ሜዳና አዳራሽ አለው። የጎደለው ሰዓት ነው፤ ሂጃቧን የለበሰች እህት ከዳር ሳትቀመጥ የምትሮጥበት፣ የምትዘልበት፣ ወገቧን የምታፍታታበት ሰዓት። ሌሎች ሙስሊም ያልሆኑ እህቶችም እንዲህ ያለ ሰዓት ቢኖር እንደሚመጡ ነግረውናል።

ስለዚህ ደብዳቤ ጽፈናል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዐስር በኋላ፣ አዳራሹ ለሴት ተማሪዎች ብቻ እንዲሆንና ከስፖርት ሳይንስ ክፍል ሴት መምህርት ወይም ተማሪ እንድታሠለጥነን ይጠይቃል። ለምን እንደፈለግን በአንድ ገጽ አስረድተናል፤ በመጋረጃውና በቁልፉ ጉዳይ ሊነሳ የሚችለውንም ቀድመን መልሰናል። መፈረም የምትፈልግ እህት ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ከግቢ ውጭ ባለው መስጂድ በእህቶች በር በኩል ታገኘናለች። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ ያለን አንድ ብቻ ነው።