በባንተይቀጡ ዳር ሦስት ተመሳሳይ ወፎች

ካዛንቺስ ሲባል መጀመሪያ ወፍ ትዝ የሚልዎት አይመስለኝም። እስኪ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ልጆችዎን ይያዙና በእግር ወደ እስጢፋኖስ ይውረዱ። ከፍልውሃ በኩል መጥቶ በግዮን ሆቴል አጠገብ የሚያልፈው ባንተይቀጡ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። ርግቡንና ቁራውን ይለፏቸው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከሄዱና ዕድል ከቀናዎት፣ ከርግብ የምታንስ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ የሆነ ወፍ በውሃው ጠርዝ ስትራመድ ያያሉ። ጣጣው የሚጀምረው ይሄኔ ነው።

እንዲህ ያሉት ወደ አዲስ አበባ ውሃዎች የሚመጡ ወፎች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። መጻሕፍቱ ኮመን፣ ግሪን እና ዉድ ሳንድፓይፐር ይሏቸዋል፤ በእኛ አፍ ሁሉም «የውሃ ወፍ» ናቸው። ሦስቱም ርዝመታቸው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱም አውሮፓና እስያ ተፈልፍለው፣ የዚያን አገር ብርድ ሸሽተው ነው የሚመጡት። ግሪን የተባለችው ደግሞ ከእግሯ በቀር አረንጓዴ ነገር የላትም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ካርቶናቸው የሚመሳሰል ሁለት ዕቃዎችን ገዢው በምን እንደሚለይ ማሰብ እንጀራዬ ሆኗል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ቀለም አይደለም። እዚህም ከቀለሙ በፊት የምታደርገውን ይዩ። ቆማ እያለች ኋላዋን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የምታደርገው ኮመን ናት። የሆዷ ነጭ በክንፏ ፊት ወደ ትከሻዋ ይወጣል፤ ስትበር ውሃውን ልትነካ ምንም አይቀራትም። ልጆቼ «ዳንኪራ» ብለዋታል።

ከባዶቹ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ግሪን ጠቆር ትላለች፤ ብድግ ስትል ከጭራዋ በላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል፣ የክንፏ ሥር ግን ጥቁር ነው። ዉድ ጀርባዋ ላይ ነጭ ጤፍ የተበተነባት ትመስላለች፤ ከዐይኗ በላይ ረጅም ነጭ መስመር አላት፣ እግሯም ረዘምና ቢጫ ያለ ነው። ፀሐይ ከፊትዎ ከሆነች ይህ ሁሉ ይጠፋል። ያኔ እኔ የማምነው ጆሮዬን ነው፦ ግሪን ስትደነግጥ ጥርት ያለ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ፉጨት ታሰማለች፤ የዉድ ግን ደረቅና ፈጣን «ቺፍ-ኢፍ-ኢፍ» ነው። (ልጆች የሚወዱት ወሬ፦ ግሪን የራሷን ጎጆ አትሠራም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ወፍ ዛፍ ላይ ትቶት በሄደው ጎጆ ትጥላለች።)

ለምን ይህን ያህል ልድከም ይሉ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው አካባቢው መልኩን ቀይሯል፤ የከተማው የወንዝ ዳርቻዎችም በድንጋይና በኮንክሪት እየተሠሩ ነው። የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ወላጅ የተነጠፈ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምሄድበት። ነገር ግን ዳንኪራ ድንጋይ ላይም ትኖራለች። ዉድ የምትፈልገው ጭቃና ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። አንድ ወንዝ ዳር ከዓመት ዓመት ዳንኪራ ብቻ ከታየች ጭቃው ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ «የውሃ ወፍ አለ» ብሎ ያለፈ ሰው ግን የጎደለ ነገር መኖሩን አያውቅም።

ዉድን ማየት ከፈለጉ የአቃቂን ረግረግ ወይም ገፈርሳን ይሞክሩ። የባንተይቀጡ ውሃም ዞሮ ዞሮ መድረሻው አቃቂ ነው።

አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለዎት ይያዙ፤ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት አጥር በኩል ሲያልፉ ግን ከቦርሳ አያውጡት። ልጆቹን ውሃው ውስጥ አያስገቧቸው፣ ንጹሕ አይደለም። ፀሐይዋን ከኋላዎ አድርገው ይቁሙ፤ ወፏ እስክትነሣም ይታገሱ።