ጀርባውን አሳየኝ

ያገለገለ የጌም ካሴት በቴሌግራም የሚገዛ ሰው ዋና ሥራው ፎቶ እያጎሉ ማየት ነው። ሻጩ «ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ አትጠራጠር» ይልሃል። አንተ ግን ትጠራጠራለህ። ደግሞም ልክ ነህ፤ የድሮ የኒንቴንዶ ካሴቶችን አስመስሎ መሥራት፣ በተለይ የፖክሞንን፣ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል።

እኔ የምፈልገው እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን የጌምቦይ አድቫንስ «ፖክሞን ኤመራልድ» ነው። ምልክቶቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የእውነተኛው ቀፎ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ ነው፤ ለጌሙ ሰዓት የምታገለግለው ክብ ባትሪ ከውስጥ ትታያለች። ፊቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ ወደ ብርሃን ካላዘነበልከው የማይታይ፣ ተጭኖ የወጣ ትንሽ ቁጥር አለ። ከታች በኩል፣ ከወርቃማዎቹ ጥርሶች ከፍ ብሎ፣ የኩባንያው ስም ይነበባል። ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱን ይስታል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ማስቀመጥ ላይ ነው፤ ሃያ ሰዓት የደከምክበት ጨዋታ በማግስቱ ባዶ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምጠነቀቀው ሰውዬ ያደግሁት ግን በፎርጅድ ነው። ጨንቻ ውስጥ እኛ የምናውቀው ጌም ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው፣ ቢጫ ካሴት የሚጎርሰው ነበር። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው የፋሚኮም ቅጂ መሆኑን ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ፋሚኮም ባዕድ ካሴት የሚከለክል ቺፕ አልነበረውም፤ ለቀጂዎች በሩ ክፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሲገባ ነው ቁልፉ የተጨመረለት። የእኛ ካሴት ላይ «9999999 በ1» ይላል፤ ውስጡ ያሉት ግን ስማቸው እየተቀያየረ የሚመላለሱ ጥቂት ጌሞች ናቸው። ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም። መብራት ከሄደ ማሪዮም ሄደ፤ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። ቢሆንም ከዚያ ቁጥር በቀር ማንም አልዋሸንም። ኦርጅናል ነው ያለን የለም፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነበር።

ፎርጅድ የሚለው ቃል የመረረኝ በካሴት ሳይሆን በጨርቅ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። በእኛ በጋሞ ደጋ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጥበብ የገባበት ጥለት ቀናት ይበላል። አሁን ያንኑ ጥለት የሚመስል ነገር ፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ ከውጭ ይገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ «የዶርዜ የእጅ ሥራ» ተብሎ ስልካችን ላይ ይለጠፋል።

አንዱን ማስታወቂያ ለአባቴ አሳየሁት። ፊቱን ብዙም አላየውም። «ጀርባውን ይላኩልህ» አለኝ። በእጅ የገባ ጥበብ በጀርባው ክሩ ሲሻገርና ሲመለስ ይታያል፤ የታተመው ግን በጀርባው ይገረጣል። ጠየቅሁ። ሻጯ መልሳ የላከችልኝ ያንኑ የፊት ፎቶ ነው። አባቴ ሳቀ። ቆይቶ ግን «በእኛ ስም እኮ ነው የሚሸጡት» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ፎርጅዶች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልቻልኩም። ያገለገለ ካሴት ስገዛ፣ ኦርጅናልም ቢሆን፣ ገንዘቡ የሚገባው ሻጩ ኪስ ነው፤ ኒንቴንዶ ከእሱ ሳንቲም አያገኝም። ስታለል የምጎዳው እኔው ነኝ። ጨርቁ ላይ ግን ሁለት ሰው ይጎዳል፦ አንዱ ገዢው ነው፣ ሌላው ጨንቻም ሆነ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሳምንት ድካሙን ዋጋ የሚያጣው ሸማኔ።

የታተመውን የምትለብሰውን ሴት ግን አልነቅፋትም። ለበዓል ልጆቿን ማልበስ አለባት፤ የእጅ ሥራው ከአቅሟ በላይ ነው። እኔስ በቢጫ ካሴት አይደል የተደሰትኩት? ነገሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። የታተመ ከሆነ «የታተመ ነው» ብለው ይሽጡት፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያድርጉት።

ስለዚህ ለበዓል ነጠላ በስልክ የምትገዙ ሰዎች፣ ከዋጋው በፊት ጀርባውን ጠይቁ። «ከላክሁልህ ፎቶ አንድ ነው» ካሏችሁ አንድ አይደለም።