ውኃ የቀዳሁባቸው ዐርባ ቀናት

ባለፈው ሳምንት በገዳማችን አንድ አረጋዊ አባት ሲቀበሩ፣ መጽሐፈ ግንዘቱን የሚያነበው ወጣት ዲያቆን አንድ መስመር ዘለለ። መምህሩ አንዳች ሳይናገሩ ጣታቸውን በገጹ ላይ አኖሩ፤ እርሱም ተመልሶ አነበበ። ያን ጊዜ እኔም በሌላ አገር እንዲህ ባለ ጣት ሥር መማሬ ትዝ አለኝ።

ዓደን የኖርሁት የ2007 ዓ.ም ጦርነት ከመድረሱ በፊት ነው። መዓላ ወደብ አጠገብ በቀን ሥራ እተዳደር ነበር። ሰው ሲሞት የሚጠሩን አንድ በዕድሜ የገፉ የአገራችን ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሙስሊሞቹን ወገኖቻችንን የመስጊድ ሰዎች ይረከባሉ፤ ክርስቲያኑን ግን ካህን በአጠገባችን ስላልነበረ አጥቦ፣ በአቡጀዲ ገንዞ ለአፈር ማብቃት የጋሼ ድርሻ ነበረ። ከምንቀብራቸው ብዙዎቹ ከኦቦክና ከቦሳሶ በጀልባ የተሻገሩ ልጆች ነበሩ። ሙቀቱ አያቆይም፤ ጠዋት የመጣ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል።

በአገራችን እድር የቀረም የዘገየም በብር ይቀጣል። የጋሼ ቅጣት ግን ከሥራው መከልከል ነበር። በሬሳ ፊት ስለ ዋጋ አይወራም። የሟች ኪስ ሁለት ሰው ሳይቆም አይፈተሽም፤ የተገኘው ሁሉ ይጻፋል። በገላው ላይ የታየ ጠባሳ ከዚያ ቤት አይወጣም። መርዶ ደግሞ ጋሼ ሳያውቁ አይነገርም። የመጨረሻውን ያኔ ሽማግሌ ልማድ ወዳድ ስለሚሆን ነው ብዬ አቅልዬ ነበር የያዝሁት።

አንድ ቀን ከአንድ ወጣት ሱሪ ጠርዝ ውስጥ የተሰፋ የስልክ ቁጥር አገኘን። ጋሼ በደብተራቸው ጻፉት። እኔም ሰርቄ በእጄ መዳፍ ላይ ጻፍሁት፤ እናት ልጇን እየጠበቀች ማደር የለባትም ብዬ ነበር። ማታ ደወልሁ። እናቱ አነሡ። ድምፄን የልጃቸው ጓደኛ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው «ደረሰልኝ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ስልኩ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም የሕፃን ለቅሶ። ሌላ አዋቂ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

በማግሥቱ ለጋሼ ተናዘዝሁ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሲወድቁ ማን ያዛቸው?» አሉኝ። መርዶ በማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌና የነፍስ አባት ባሉበት የሚነገርበትን ምክንያት ከዚያ በላይ ያስረዳኝ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐርባ ቀን ውኃ ከመቅዳት በቀር ግንዘት እንዳልነካ ከለከሉኝ።

ቅጣቱ በዝቶብኝ ነበር፤ ዛሬም ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፤ ክፋት አልነበረብኝምና። ነገር ግን ጋሼ በእነዚያ ቀናት ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከዚያ አጥቢያ የመጣ ሰው ከሼክ ኡስማን ፈልገው አገኙ፤ በእርሱ በኩል ለእናቲቱ ነፍስ አባት ላኩ። ሬሳ በሌለበት በልጁ ስም ፍትሐት ተደረገ፤ በዐርባኛውም ቀን ተዝካሩ ወጣ።

በዚያው ቀን ሌላ ሟች መጣልን። ጋሼ ባልዲውን ከእጄ ተቀብለው ፈትሉን ሰጡኝ። የእጁን አውራ ጣቶች ሳስር እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ጊዜ ፈትቼ በሦስተኛው አሰርሁ። እርሳቸውም ቆመው ጠበቁኝ።