በሮማ ከተማ የገዛሁት ዲናር

ከአገሩ ርቆ የሄደ አባት ወደ ቤቱ ሲመለስ ባዶ እጁን አይገባም። እኔም ለሥራ ጉዳይ ወደ ሮማ ከተማ በሄድሁ ጊዜ ትንሹ ልጄ ሌላ ነገር አልለመነኝም፤ በወንጌል ስለ ግብር ሲነገር የሰማውን፥ የቄሣር መልክና ጽሕፈት ያለበትን ዲናር አምጣልኝ ብሎኝ ነበርና ይህንኑ በልቤ ይዤ ተነሣሁ።

እሑድ ቀን አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ስመላለስ፥ አንድ ነጋዴ በጨርቅ ላይ ከዘረጋው ዕቃ መካከል አንዲት የብር ዲናር አንሥቶ «ይህ በክርስቶስ ዘመን የነበረው ቄሣር ነው» አለኝ። በአንደኛው ፊቷ የቅጠል አክሊል የደፋ ሰው፥ በሁለተኛው ፊቷ ከድል ምልክት በታች አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ምርኮኛ ተቀርጾባታል። መልክም ጽሕፈትም ስላገኘሁባት፥ ሌላ ሳልጠይቅ ለአራት ቀን ቀለብ የያዝሁትን ገንዘብ ከፍዬ ወሰድኋት። በዚያው ማታም ለባለቤቴ «የልጃችን አደራ ተገኘ» ብዬ ጻፍሁላት።

ማክሰኞ ቀን ተርሚኒ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ወደ ፓላትሶ ማሲሞ ሙዚየም ሄድሁ። በዚህ ቤት ምድር ቤት የጥንት ገንዘብ በየዘመኑ ተለይቶ በመስተዋት ውስጥ ይታያል። በዚያም ማጉያ መነጽር የያዘ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ሰላምታ ተሰጣጣን። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሮማን ገንዘብ ሲሰበስብ የኖረ ሰው መሆኑን ስለ ነገረኝ ዲናሬን አወጣሁለት።

«ጌታዬ፥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ መልኩን ያያል፤ እርስዎ ግን ከጽሕፈቱ ይጀምሩ» አለኝ። የላቲንን ፊደል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ቈጠርሁ፥ በመልኩ ዙሪያ ያለውን አንድ በአንድ አነበብሁለት፤ እርሱም ፈታልኝ። ቃሉ ሁሉ ባጭሩ የተቈረጠ ነው። «ኢምፕ» ማለት ኢምፔራቶር፥ «አውግ» ማለት አውግስጦስ ነው። በመካከሉ ያለው ስም ትራያኖስ ነው። «ገር» ጀርመንን ያሸነፈ ማለት ሲሆን፥ ይህን ስም በ97 ዓ.ም. ተቀበለ፤ «ዳክ» ደግሞ ዳኪያን ያሸነፈ ማለት ነው፥ ይህንም በ102 ተቀበለ። (የዓመቱ ቍጥር በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በሁለተኛው ፊቷ «ኮስ» የሚል ቃልና የአምስት ምልክት አለ፤ ይህም አምስተኛ ጊዜ ቆንስል ሆኖ ሲሾም ማለት ነው። አምስተኛው ሹመት በ103፥ ስድስተኛው በ112 ስለ ሆነ፥ ዲናሩ ከ103 እስከ 111 ባለው ጊዜ የታተመ ይሆናል። «ትር ፒ» የሚለው በየዓመቱ የሚታደሰው የሕዝብ ጠባቂነት ሥልጣን ነው፤ ቍጥር በተጨመረበት ገንዘብ ላይ ዓመቱን ለይቶ ያሳያል፤ በኔይቱ ላይ ግን ቍጥሩ አልተጻፈም።

እንግዲህ ነጋዴው እንዳለው አልሆነም። ብዙ ሊቃውንት የወንጌሉ ዲናር ነው የሚሉት ከ14 እስከ 37 ዓ.ም. የነገሠውን የጢባርዮስን ነው። ጥቂት ባዝንም፥ የማላውቀውን ንጉሥ ስምና ዘመን ከጥቂት ፊደል በማግኘቴ ደስታዬ በዛ። ሽማግሌው በ113 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ትራያኖስ ዐምድ ወሰደኝ። በዐምዱ ላይ ከዳኪያ ጋራ የተደረገው ጦርነት ከታች እስከ ላይ እየዞረ ተቀርጿል። በእጄ ያለችው ትንሽ ዲናርና ያ ታላቅ ዐምድ አንድ ታሪክ ሲናገሩ ባየሁ ጊዜ፥ ለልጄ ከለመነኝ የሚበልጥ ነገር እንዳገኘሁለት ቈጠርሁ።

ከዚያ ወዲያ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ሽማግሌው ከኪሱ አነስተኛ ሚዛን አወጣ። የትራያኖስ የብር ዲናር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ግራም ይበልጣል፤ የኔይቱ ግን 2 ግራም ተኩል እንኳ አልሞላችም። ቀጥሎም ጠርዟን በጥፍሩ ዳበሰና በዙሪያዋ የሚሄድ ቀጭን መስመር አሳየኝ። በማጉያውም ፊቷን ብመለከት ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶባታል። የጥንቱ ዲናር በሁለት ማኅተም መካከል ተደርጎ በመዶሻ ይመታ ነበር፤ ይህች ግን ቀልጣ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰች ናት። መስመሩ ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት ነው፤ ቀዳዳውም የአየር አረፋ የተወው ነው። «አንዱ ምልክት ብቻውን ቢሆን ባልፈረድሁ ነበር፤ ሦስቱ ሲስማሙ ግን ምን እላለሁ?» አለኝ።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስኖር ቃሉ ከእውነተኛ ሰነድ ተገልብጦ ማኅተሙ ሐሰት የሆነ ወረቀት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ራሴ ቃሉን አንብቤ ማኅተሙን ሳልመረምር ቀርቼ ስለ ተገኘሁ አፈርሁ።

በማግሥቱ ብቻዬን ወደ ሙዚየሙ ተመለስሁ። በዚያ ቤት የንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል ሦስተኛ ስብስብም ይጠበቃል። ይህ ንጉሥ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ገንዘብ ሰብስቦ በ1946 ዓ.ም. ዙፋኑን ሲለቅ ለኢጣሊያ መንግሥት የሰጠው ነው። ያን ጊዜ አያቴ በሣጥናቸው ያኖሯት ሊሬ ትዝ አለችኝ። በስሙ ከ1936 ጀምሮ በታተመው ገንዘብ ላይ «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ይህም ኢትዮጵያን ወርሬ ያዝሁ ብሎ የጨመረው ማዕርግ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1941፥ በኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ቃሉ እስከ 1943 ድረስ ከገንዘቡ ላይ አልተፋቀም። የኔ ዲናር ቃሏ እውነት ነው፥ አካሏ ግን ሐሰት፤ የአያቴ ሊሬ ደግሞ አካሏ እውነት ነው፥ ቃሏ ግን ሐሰት። እንግዲህ ገንዘብን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ጽሕፈቱን፥ ቀጥሎ ሚዛኑንና ጠርዙን፥ በመጨረሻም አሳታሚው ስለ ራሱ የተናገረውን ሊመረምር ይገባዋል።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሁሉን እንደ ሆነው ነገርኋቸው። ባለቤቴ «የሰው ሰነድ ስትመረምር የምትውለው አንተ ነህን?» ብላ ሳቀች። ልጄ ግን አልሳቀም፤ ዲናሯንና ሊሬዋን በሁለት እጁ ይዞ ጠርዛቸውን ደጋግሞ ዳበሰ።

«አባባ፥ ሐሰት ከሆነች ለምን አልጣልሃትም?» አለኝ።

«አንተ ገበያ በምትወጣበት ቀን እንድትረዳህ ብዬ ነው» አልሁት።